ከአንገቴ የተያዘው ኮንትሮባንድ

የአሰላን ብርድ ለአሰላ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገረው። ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ያደረ ቀን ከተማው በሙሉ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ነው ሱቁን የሚከፍተው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት፣ በዚያ ሁሉ ብርድ መሀል፣ የጨርቅ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በካርቶን ክዳን ራሴን ሳራግብ ከረምኩ። ላብ በጀርባዬ ይንቆረቆራል። ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል። ጨርቅ ስለካ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቼ መጀመሪያ አዘኑልኝ፤ ቆይተው ግን በሚንቀጠቀጥ እጅ የተለካ ጨርቅ ሁልጊዜ ለባለሱቋ እያደላ እንደሚያጥር ጠረጠሩና ከጎረቤቴ መግዛት ጀመሩ።

ከሳሁም። መክሳቴን እንኳን እንደ በሽታ አልቆጠርኩትም። ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት ቅጥነት ሳልለፋ በራሱ ጊዜ መጣልኝ ብዬ ቀሚሶቼን ወስጄ አስጠበብኩ። የደነገጠችው ልጄ ነጃት ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ እግሯ አብጦ፣ እያለከለከች ሱቅ ትመጣና ፊቴን ትክ ብላ ታያለች። አንድ ቀን ዓይንሽ ፈጧል አለችኝ። ገዢ ስጠብቅ የፈጠጠ ዓይን ነው አልኳት። አልሳቀችም። እኔ ልወልድ ነው፣ የሚያርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ አንቺ ደግሞ ዓይኔ እያየ እያለቅሽ ነው አለችና እዚያው ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አዲስ አበባ ሄጄ ለመመርመር የተስማማሁት ያን ጊዜ ነው።

የመረመሩኝ ሐኪም ረጋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንገቴ ውስጥ ያለችው እጢ ከልክ በላይ እየሠራች እንደሆነ፣ ልቤን የምታስሮጠውም እጄን የምታንቀጠቅጠውም እሷ እንደሆነች፣ መድኃኒቱም ጨረር ያለበት አዮዲን እንደሆነ አስረዱኝ። አዮዲን ምንድነው አልኳቸው። ጨው ውስጥ የሚጨመረው ነው አሉ። ጨውማ ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ስበላው የኖርኩት ነገር ነው ብዬ ተረጋጋሁ። «ጨረር ያለበት» የሚለው በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሄደ።

መጠርጠር የነበረብኝ መድኃኒቱ ሲመጣ ነው። እንደ ሌላው ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ አልመጣም። አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከክብደቱ የተነሳ እየተንገዳገደ ባመጣው የብረት ዕቃ ውስጥ ነው የመጣው። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ያለችው አንዲት ፍሬ ናት። ሰውዬው ጓንቱን አጥልቆ፣ ፊቱን ዘወር አድርጎ፣ ፍሬዋን በረጅም መቆንጠጫ አንስቶ አቀበለኝና ከክፍሉ ወጣ። እሱ በብረት እንኳን ሊጠጋው ያልፈለገውን ነገር እኔ በውኃ ዋጥኩት። ዋጥኩና አመሰገንኩት።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ነገር ነገሩኝ። ለጥቂት ቀናት ለብቻዬ እንድተኛ፣ ከሰው ራቅ ብዬ እንድቀመጥ፣ ውኃ በብዛት እንድጠጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እሳቸው በስልክ እስኪፈቅዱልኝ ድረስ፣ ለሳምንታት እርጉዝ ሴትና ሕፃን አጠገብ እንዳልደርስ። እሺ ዶክተር አልኩ። በአፌ እሺ ስል ሆዴ የሚለው ሌላ ነው። ሐኪም መከልከል ሥራው ነው። እስከ ዛሬ ጨው ተከልክያለሁ፣ ቅቤ ተከልክያለሁ፣ መጨነቅ ተከልክያለሁ፤ አንዱንም አልተውኩም፤ ይኸው አለሁ። እዚያው አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ሄድኩና ለብቻዬ አንድ ክፍል ተሰጠኝ፤ ምግቤ በር ላይ ተቀምጦልኝ በሩ ይንኳኳል። ክብር መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ለሱም ለብቻው እንደነገሩት ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

አንድ ጠዋት የነጃት ባል ጀማል ደወለ። ምጥ ጀምሯታል፣ ሆስፒታል ገብተናል አለኝ። ቀኗ ገና ነበር። ወንድሜ ሥራ ሄዷል። ልደውልለት ጊዜ አጣሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከደወልኩለት እንደሚያስቀረኝ ስላወቅኩ ነው። የገዛሁትን የሕፃን ልብስና ፎጣ በቦርሳ ከትቼ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

አዳማ ላይ የአሰላ ሚኒባስ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጡት የሰፈሬ ሰው አቶ ግርማ ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ በበጋም በክረምትም አንድ ረጅም ካፖርት የማይለያቸው፣ የተከበሩ ሰው። መንገዱን ሙሉ ስለ ኮንትሮባንድ አስተማሩን። ሀገር እየደማች ያለችው በኮንትሮባንድ ነው፣ ፍተሻ ላልቷል፣ ኅሊና ያለው ሰው ጠፍቷል እያሉ። እኔ ሐኪሙ ከሰው ራቅ በይ ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ቦርሳዬን በመሀላችን አስቀመጥኩ። በዚህ በኩል እንኳን ታዛዥ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ከኢተያ አልፈን አሰላ ልንገባ ስንል ኬላው ላይ ደረስን። እዚያ ኬላ ላይ ከሰሞኑ አዲስ ነገር ተተክሎ ነበር። መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ ሁለት ረጃጅም ቢጫ ምሰሶዎች፣ ከሩቅ ሲታዩ የእግር ኳስ ጎል የሚመስሉ። ድንበር ላይ ሊተከል የመጣ ማሽን ነው ተባለ። ጨረር ያለበት ነገር በድብቅ የሚያዘዋውሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ አሉ፤ ማሽኑ እነሱን ለመያዝ ነው። ወደ ድንበር ከመሄዱ በፊት የሚሞከረው ግን እኛ መንገድ ላይ ሆነ፤ ምክንያቱም በዚህ ዳገት የማይወጣ ጭነት የለም፤ ገብስ፣ ድንች፣ ሲሚንቶ፣ ከብት፣ ማዳበሪያ።

ይህን ሁሉ ባለሙያዎቹ በደንብ አስረድተው ነበር፤ ከተማው ግን የራሱን ሰማ። ገበያ ውስጥ፣ ማሽኑ ወርቅ ያያል ተባለ። ቀጥሎ በሆድ ያለውን ያያል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ውሸት የተናገረ ሰው ሲያልፍ ይጮኻል ተባለና አንዳንድ ነጋዴዎች በሁሩታ በኩል መዞር ጀመሩ። በእርግጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ማሽኑ የጮኸው ማዳበሪያ በጫኑ መኪናዎች ላይ ብቻ ነበር። ማዳበሪያ ውስጥ በተፈጥሮው ትንሽ ጨረር አለ አሉ። ኬላው ላይ ያሉት ፖሊሶች ማሽኑ ሲጮኽ ቀና ብለው ማየት ትተው ነበር።

ሚኒባሳችን በምሰሶዎቹ መሀል ሲገባ ቀይ መብራት በራና ማሽኑ ጮኸ። ቀጭን፣ የሚያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ነው። ማዳበሪያ አልጫንንም። የኬላው ኃላፊ ሳጅን ቶሎሳ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተመለስና እንደገና ግባ አለ። ተመልሰን ገባን። እንደገና ጮኸ። ሁላችሁም ውረዱ ተባልን።

እንግዲህ የሰው ነገር የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ማንም ምንም ሳይጠይቀው ሹፌሩ ወደ ሳጅኑ ሄደና ወንበሩ ሥር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን እንዳለ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ እንዳለው፣ ከዛሬ ወዲያ እንደማይደግመው ተናገረ። አንዲት ቀጭን ሴት ከፎጣ ውስጥ የሲጋራ እሽጎች አወጣችና መሬት ላይ ደረደረች። ቀጥለው አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ካፖርታቸውን ቀስ ብለው ፈቱና ገበሩን ገለጥ አድርገው አሳዩ። ከብብታቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ሞባይል ስልኮች በተርታ ተሰፍተውበታል። እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ካፖርቱን በበጋ የማያወልቁት ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ያን ጊዜ ከድንኳኑ አንዲት ወጣት ወጣች። ሕይወት ትባላለች፤ ማሽኑን የምትሞክረው መሐንዲስ ናት። በእጇ የልብስ ካውያ የሚያህል መሣሪያ ይዛለች። መሬት ላይ የተደረደረውን ሁሉ አየችና ግራ ገባት። ይህ ማሽን ስልክም ሲጋራም ቤንዚንም አያይም፣ ጨረር ብቻ ነው የሚያየው ብላ በትሕትና አስረዳች። አቶ ግርማ ይህን ሲሰሙ ካፖርታቸውን መልሰው ቆለፉ። ሳጅን ቶሎሳ ግን፣ ማሽኑ ባያይም እኔ አይቻለሁ ብሎ እንዲፈቱት አደረጋቸው።

ሕይወት መሣሪያዋን ይዛ በየሰዉ መሀል ታልፍ ጀመር። ሹፌሩ ጋ ዝም። ሲጋራ የያዘችው ጋ ዝም። እኔ ጋ ስትደርስ ጮኸ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። ቦርሳዬን ሰጠኋት፤ የሕፃኑን ልብስ አንድ በአንድ አወጣች፤ ዝም። መሣሪያውን ወደ እኔ መለሰችው፤ ጮኸ። ከእግሬ ጀምራ ወደ ላይ ከፍ እያደረገችው መጣች። ጉልበቴ ላይ ትንሽ፣ ሆዴ ላይ ተለቅ ያለ፣ አንገቴ ጋ ሲደርስ ግን ሳያቋርጥ ጮኸ። ሰዎቹ፣ እኔ ሳላያቸው፣ ሰፊ ክብ ሠርተውልኛል።

ሕይወት የመሣሪያውን ፊት አዙራ አየችና አነበበችው። አዮዲን ይላል። ሳይነካኝ፣ ልብሴን ሳይከፍት፣ በዋጥኩ በስንት ቀኑ፣ የዋጥኩትን መድኃኒት በስሙ ጠራው። እኔ ራሴ እንኳን ስሙን በደንብ መጥራት የቻልኩት ሐኪሙ ደጋግመው ነግረውኝ ነው። መሬት ላይ ልቀመጥ ስል ሳጅኑ ወንበር አመጣልኝ፤ አመጣልኝ ማለት በእግሩ ገፍቶ አስጠጋልኝ።

ሕይወት ግን ደስ ብሏት ፊቷ በርቶ ነበር። ሰሞኑን ሐኪም ቤት ነበሩ ወይ አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። ከመጣች ጀምሮ ማሽኑን የሞከረችው በማዳበሪያና ለልምምድ በተሰጣት ትንሽ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ማሽኑ ሰው ሲይዝ የመጀመሪያው እኔ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለዎት የምትለኝ ነው የሚመስለው። ፈቃዴ ከሆነ አንዴ ቀስ ብዬ፣ አንዴ ፈጠን ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ከገብስ ጆንያ ኋላ ተቀምጬ በመኪና እንዳልፍላት ለመነችኝ። እውነተኛ ኮንትሮባንዲስት እንዴት እንደሚደበቅ ለማየት ነው። ሳጅን ቶሎሳ ይህን ሲሰማ ገብስ የጫነ መኪና ለማስቆም ወደ መንገዱ ወጣ።

ቸኩያለሁ አልኳት።

«ወዴት ነው የሚሄዱት፣ እናቴ?»

«ሆስፒታል። ልጄ ምጥ ላይ ናት።»

ፈገግታዋ ከፊቷ ወረደ። መሣሪያውን አጠፋችና ጎንበስ ብላ፣ ሌላው ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቀችኝ።

«መድኃኒቱን የሰጡዎት ሐኪም ስለ ሕፃን ምንም አልነገሩዎትም?»

ነግረውኛል። በደንብ ነግረውኛል። ያን ጊዜ ነው ድንጋጤው የመጣብኝ፤ ማሽኑ የጮኸ ጊዜ የደነገጥኩት ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ሳስበው የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ሆስፒታል እገባለሁ፣ ሕፃኑን ከአዋላጇ እጅ እቀበላለሁ፣ እንደ እናቴ አድርጌ ጭንቅላቱን እዚህ አንገቴ ሥር ሸጉጬ አቅፈዋለሁ። መሣሪያው ሳያቋርጥ የጮኸው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እጄን አንገቴ ላይ ጫንኩና ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

ሕይወት ለሐኪሙ ደወለች። እሳቸው በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ ትንሽ እንደተናደዱ ያስታውቃል፣ የከለከሉኝ ሕፃን ልጅ አንገት ውስጥ ያለችው እጢ ገና ለጋ ስለሆነች እንደሆነ፣ ርቄ እስከቆየሁ ድረስ ግን ማንንም እንደማልጎዳ እንደገና ነገሩኝ። ቀጥዬ ለጀማል ደወልኩ። መጥቻለሁ፣ ግን ልገባ አልችልም አልኩት። እኛ ምን አጠፋን አለኝ።

ሕይወት ለተሳፋሪዎቹ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ቢሄዱ ምንም እንደማይሆኑ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ሁሉም ገብቶናል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ሄዱ። ሳጅን ቶሎሳ አዘነልኝ። «ሃዳ ኮ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ እኔ አደርስሻለሁ። በፖሊስ ፒካፑ ጋቢና ግን ቦታ አልነበረም፤ ቢኖርም ማንም ነይ ግቢ አላለኝም። ከኋላ፣ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ ተሳፈርኩ። አቶ ግርማም ከነስልኮቻቸው ወደ ጣቢያ መሄድ ስለነበረባቸው እሳቸውም ኋላ ተጫኑ። ስፖንዳው ጥግ ላይ ተጣብቀው፣ ካፖርታቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እንዲህ ሆነን ነው አሰላ የገባነው። በዋናው መንገድ፣ በገበያው አጠገብ፣ በገዛ ሱቄ ፊት ለፊት። ገዢዎቼን ወስዶብኝ የነበረው ጎረቤቴ ሜትሩን እንደዘረጋ ቆሞ አየኝ። ሰላም ልለው እጄን ሳነሣ በካቴና የታሰርኩ መስሎት እሱም በኀዘኔታ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ሆስፒታሉ አጥር ውስጥ፣ ከሕንፃው ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። ጀማል ወጥቶ ከሩቅ እጁን አውለበለበ፤ ወንድ ነው፣ እሷም ደህና ናት አለ። አልሃምዱሊላህ አልኩና እልልታዬን ለቀቅኩት። የጥበቃው ሠራተኛ መጥቶ ታማሚ አለ እዚህ አለኝ። እኔም ታማሚ ነኝ አልኩትና ቀጠልኩ።

በእኛ ወግ ነጃት እኔ ቤት መጥታ ነበር የምትታረሰው። ክፍሉን አዘጋጅቼ፣ ቅቤውን አንጥሬ፣ ገብሱን አስፈጭቼ ነበር አዲስ አበባ የሄድኩት። አሁን ግን አማቷ ዘይነባ ቤት ገባች። ዘይነባ ደግ ሴት ናት፤ ክፉ አይወጣትም። ማርቃ አሠራሯ ግን አይሆንም። ለአራስ የሚሠራ የገብስ ገንፎ ማንኪያ ሲተክሉበት መቆም አለበት፤ የእሷ ማንኪያውን ይዞ ይተኛል። ቅቤውንም በፍርሃት ነው የምትጨምረው።

ሐኪሙ ጥቂት ሜትር ራቅ ብለሽ ማየት ትችያለሽ ስላሉኝ የዘይነባ ግቢ አጥር ሥር፣ ከአራሷ መስኮት ፊት ለፊት፣ ድንጋይ አስቀመጥኩና ዋልኩበት። ሱቄን ዘጋሁ። ከዚያ ሆኜ ልጄን በጩኸት ማረስ ጀመርኩ። ነጃት ጠጪ፣ ነጃት ጀርባሽን ሸፍኚ፣ ዘይነባ ማርቃው ቀጥኗል፣ ጀማል መስኮቱን ዝጋ፣ ጀማል ልጁን ልየው መስኮቱን ክፈት። ነጃት ሕፃኑን ወደ መስታወቱ ታስጠጋልኛለች። እኔ የማየው የተጠቀለለ ፎጣና የአንዲት እንጀራ ጫፍ የምታህል ጆሮ ነው። በዚያች ጆሮ ማንን እንደሚመስል ለመወሰን ስታገል እውላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ የተዘጋጀው ክፍል በር ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እሱን ላለማየት በጓሮ በኩል መግባት ጀመርኩ።

ከተማው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጎረቤት የሚያየው፣ ልጇ ወልዳ ደጃፉን የማትረግጥ እናት፣ አጥር ሥር ሆና ስትጮኽ ነው። ተጣልተዋል ተባለ። የተጣሉትም በወርቅ ነው ተባለ። አንገቴ ውስጥ ወርቅ አስቀብሬ ስገባ ማሽኑ እንደያዘኝ፣ ከአቶ ግርማ ጋር የኖረ ንግድ እንዳለን፣ ልጄም በዚህ አፍራ እንዳላስገባችኝ፣ ሲጋራ የያዘችው ሴት በዓይኔ አየሁ ብላ ተናገረች።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ሐጂ ከድር ናቸው ከፊት፤ በከተማው ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ከድር ለረጅም ጊዜ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። ልጅ ቢያጠፋም ልጅ ነው፣ አራስ ደግሞ አይቀየሙትም አሉኝ። ወርቁን በሚመለከት ደግሞ ለመንግሥት ቢመለስ መልካም እንደሆነ ዘወር አድርገው ነገሩኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ እጢዋ፣ ስለ ብረቱ ዕቃ፣ ስለ መቆንጠጫው፣ ስለ ማሽኑ። በጥሞና ሰሙኝ። ጨረሩ አሁንም ከውስጤ እየወጣ እንደሆነ ስደርስ ሦስቱም፣ ምንም ሳይነጋገሩ፣ ወንበራቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ሄዱ። የሐጂ ከድር ወንበር ከበረንዳው ጫፍ ሊወርድ ጥቂት ነው የቀረው። ከጓደኞቻቸው አንዱ መብራት ሲጠፋ ማታ ማታ ታበሪ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም፤ በርግጥ ሊያውቁ ፈልገው ነው። አላበራም አልኩ፤ ምንም እንኳን ያን ቀን ማታ ብርድ ልብሱን ገልጬ እንዳረጋገጥኩ ባልክድም።

ሐጂ ከድር ሊሄዱ ሲነሡ ቆም አሉ። «ልጁን ሳታቅፊው ይህን ሁሉ ቀን ቻልሽው?» አሉኝ። ጫማቸውን አቀረብኩላቸው። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዘይነባ አጥር ሥር ሲያልፉ እኔን ለማየት የተሰበሰበውን ሰው ይገስጹልኝ ጀመር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ደወሉ። ከዛሬ ጀምሮ ትችያለሽ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ታጠብኩ፣ ከጠበቡት ቀሚሶቼ አንዱን ለበስኩ፤ ያን ጊዜ እንደገና ወፍሬ ስለነበር ዚፑ አልዘጋም አለኝና በሌላ ቀየርኩት። ወጥቼ ግን ወደ ዘይነባ ቤት አልሄድኩም። ቀጥታ በባጃጅ ወደ ኬላው ሄድኩ። ሐኪሙ በቃል ነው የነገሩኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ምሰሶ መሀል አልፌ ዝም ሲል በጆሮዬ መስማት ፈለግኩ።

ስደርስ ዕቃ እየተጫነ ነው። ሙከራው አልቆ ማሽኑ ወደ ድንበር ሊሄድ ነው። ሕይወት አንዱን ምሰሶ ለማስፈታት ቆማለች። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ላይ የማመንታት ነገር አየሁ። ይህ አይጠቅምዎትም እናቴ፣ ሐኪሙ ከፈቀዱ ይበቃል አለችኝ። ለመንኳት። ሳጅን ቶሎሳም ለመነልኝ። እሺ ብላ ማሽኑን አበራች።

ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ማሽኑ ጮኸ። እንደ ድሮው አይደለም፤ አጭር ነው፤ ግን ጮኸ።

አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። የሚታየኝ ሕፃኑ አድጎ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እኔ አሁንም አጥር ሥር ሆኜ ስጮኽ ነው። ሕይወት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ይህ ማሽን የተሠራው በከባድ መኪና ጭነት ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ነገር እንዳታመልጠው ነው» አለችኝ። «ጨረር አለ ብሎ ነው የሚጮኸው፤ ይጎዳል አይልም። ይጎዳል አይጎዳም የሚሉት ሐኪሙ ናቸው።»

እና እኔ የምሰማው ማንን ነው አልኳት። በሁለት እጇ አቀፈችኝ። ጉንጯን አንገቴ ላይ አድርጋ፣ ጠበቅ አድርጋ። ከኬላው ቀን ጀምሮ ሰው ሲነካኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ውስጤ ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ያቀፈችኝም እሷ ናት። ሳጅን ቶሎሳ ይህን አየና መጥቶ ጨበጠኝ። በግራ እጁ ነው የጨበጠኝ፤ ቢሆንም ጨበጠኝ።

ዘይነባ ቤት ደርሼ ግቢውን ገባሁ፤ ደፉ ላይ ግን እግሬ ቆመ። ነጃት በመስኮት አየችኝ። ነይ ግቢ አላለችኝም፤ ልጁን ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከመስኮት ሲታይ ከነበረው ይልቅ ከባድ ነው። ጆሮው የእኛ ወገን ነው፤ አፍንጫው ግን የዘይነባ ነው፤ ምን ይደረጋል። ጭንቅላቱን አንገቴ ሥር አስጠጋሁና በጣም ቀስ ብዬ፣ በሹክሹክታ፣ የኔ ጌታ፣ መጣሁልህ አልኩት።

ሕፃኑ ፊቱን ጨማደደና አለቀሰ። ወዘወዝኩት፤ ባሰበት። በለሆሳስ አንጎራጎርኩለት፤ ባሰበት። እንግዳ ሰው እንደያዘው ሁሉ አገር ይያዝልኝ አለ። ልመልስላት እጄን ስዘረጋ ነጃት አልተቀበለችኝም።

«እማ፣ ይህን ድምፅሽን መች ያውቀዋል» አለችኝ። «እሱ የሚያውቅሽ ስትጮኺ ነው።»

ቀና አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አጥር ሥር እንደምጮኸው ጮህኩ። «ዘይነባ፣ ማርቃው ቀጥኗል።»

አልቀጠነም የሚል መልስ ከማድ ቤት መጣ። ልጁ ግን ዝም ብሎ፣ ጆሮውን አንገቴ ላይ አድርጎ ተኛ።